ሲሬን በድምፁ የሚለዩት ጋሽ በየነ

ሲሬኑ የተሰቀለ ዕለት አዋሽ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ በር ፊት ለፊት የነበርነው እነዚህ ነን። ጋሽ በየነ፣ በባቡሩ ወርክሾፕ ኤሌክትሪሺያን ሆነው የኖሩት ጡረተኛ። ባለቤታቸው እትዬ ሮማን፣ ከቁርስ ቤቴ ባወጣሁላቸው የፕላስቲክ ወንበር ላይ። ከአዲስ አበባ የተላከው ባለሙያ፣ ሁላችንም «ኢንጂነር» እያልን የምንጠራው። የቀበሌያችን ሊቀመንበር። የጣቢያው ዘበኛ ሐሰን። እኔ መዲና፣ ልጄም ፈቲያ፣ እጇን ይዤ። በኋላ የመጡት እናቶች ብዙ ስለሆኑ አልዘረዝራቸውም።

ዝርዝሩን በቃሌ የያዝኩት ጋሽ በየነ ደብዳቤያቸው ላይ «በቦታው የነበሩ» ብለው ሲጽፉ አጠገባቸው ስለነበርኩ ነው። አንድም ሰው እንዳይቀር ሁለት ጊዜ አስቆጥረውኛል።

ጋሽ በየነ ባለፈው ወር ሰመራ አረፉ። ሐኪሙ ልባቸው ደክሟል አለን። እኔና ባለቤቴ፣ ሁለት የሎጊያ ሾፌሮች፣ ከቤተ ክርስቲያን የመጡ ጥቂት ሰዎች ሆነን ቀበርናቸው። ከዘመድ ወገን ማንም አልነበረም፤ ልጅም አልወለዱም። ከቀብር ስመለስ ለፈቲያ ምሳ አቀረብኩ። ዕቃ አጠብኩ። እንደ ልማዴ የቤቱን ግድግዳ ዞሬ አየሁ፤ አዲስ ስንጥቅ የለውም። ከዚያ ተቀመጥኩ። አላለቀስኩም። እስከ ዛሬም አላለቀስኩም።

የባቲ ልጅ ነኝ። ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ስለሆነ አዋሽ ገባን፤ ከጣቢያው አጠገብ ትንሽ ቁርስ ቤት ከፈትኩ። ጋሽ በየነ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ነበሩ። በየጠዋቱ የሁለት ሰው ፉል ይወስዳሉ። ቀጭን ረጅም ሰው ናቸው። በዚያ በአዋሽ ሙቀት ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ነው የሚውሉት። አንድ ቀን «ጋሼ፣ አይሞቅዎትም?» ብላቸው «ይሞቀኛል» አሉኝ። ቁልፉን ግን አልፈቱም።

የእሳቸው ነገር ሲሬን ነው። እኛ ሳይረን የምንለውን እሳቸው ከድሮዎቹ ፈረንሳዮች አለቆቻቸው እንደተማሩት ሲሬን ይሉታል። የአምቡላንስና የፖሊስ መኪና ጩኸት አይቆጠርላቸውም። ምሰሶ ላይ ወይም ጣራ ላይ የተሰቀለ፣ አደጋ ሲመጣ ከተማ ሙሉ የሚሰማው መሆን አለበት። የስኳር ፋብሪካ፣ የግድብ፣ የእሳት አደጋ። ይህን ዓይነቱን የሰሙ እንደሆነ ሥራቸውን ትተው ይቆማሉ፤ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ በጣታቸው ጭናቸው ላይ ይቆጥራሉ። ከዚያ ሞዴሉን ይነግሩሃል።

ባለ ካሬ ደብተር ነበራቸው። በየገጹ አንድ አንድ ሲሬን በእርሳስ ተስሏል። ባለ ባርኔጣ የሚሉት ከላዩ ክብ ቆርቆሮ የተደፋበትን ነው። ባለ ቀንድ የሚሉት እንደ መለከት አፉ የሰፋውን። ዟሪ የሚሉት እየጮኸ አንገቱን የሚያዞረውን። ሳጥን የሚሉት ሞተር የሌለውን፣ በድምፅ ማጉያ ብቻ የሚጮኸውን አዲሱን ዓይነት ነው፤ እሱን ብዙም አይወዱትም። ከሥዕሉ ሥር ስንት መስኮት እንዳለው፣ ስንት እግር እንዳለው፣ የስም ሰሌዳው በስንት ምስማር እንደተመታ ይጽፋሉ። መስኮት የሚሉት አየሩ እየተቆረጠ የሚወጣበትን ቀዳዳ ነው። መስኮቱ ሲበዛ ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲያንስ ይወፍራል። ይህን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ግን ገባኝ።

ሾፌሮቹ ይወዷቸው ነበር። ከየመንገዱ በስልካቸው እየቀረፁ ያመጡላቸዋል። አንድ ጠዋት ከሎጊያ የመጣ ሾፌር እንቁላሉን ሳይጨርስ ስልኩን ከፈተ።

«ጋሼ፣ ሥዕሉን አላሳይም። በድምፅ ብቻ ይለዩና የዛሬው ቁርስ በእኔ ነው።»

ጋሽ በየነ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ድምፁ ወጣ፣ ወረደ፣ ቀረ።

«ባለ ሁለት ፎቅ ነው» አሉ። «ላዩ ስምንት መስኮት፣ ታቹ አሥራ ሁለት። ባርኔጣ አለው። አይዞርም።»

ሾፌሩ ሥዕሉን አገላብጦ አየ። «ወላሂ ጂኒ አለብዎት!»

«የሞተሩ ኩሽኔታ ሊያልቅ ነው። ድምፁ ሲሞት ይፈጫል፣ አልሰማህም? ንገራቸው።»

«ማንን ልንገር ጋሼ? በሩ ላይ ያለው ዘበኛ እኔንም አያስገባኝ።»

«እንግዲያው ለዘበኛው ንገረው። መጀመሪያ የሚሸሸው እሱ ነው።»

ከከተማው ሰው ደግሞ «ጋሽ ጡሩምባ» እያለ የሚያሾፍባቸው ነበር። አይቆጡም። «ጡሩምባ በትንፋሽ ነው፤ ይሄ በሞተር ነው» ብለው ያርማሉ። ሰውየው የሰደባቸው መሆኑን ያወቁ አይመስሉም። ያውቁ ነበር።

መሬቱ መንቀጥቀጥ ሲጀምር እኔ እንቅልፍ አጣሁ። የፈቲያን ጫማ ከራስጌዋ አስቀምጣለሁ። በሩን አልቆልፍም። ያገኘሁትን ሰው ሁሉ «ምን ይሻላል?» እላለሁ። ሁሉም «አይዞሽ» ይለኛል። አይዞሽ መልስ አይደለም። ጋሽ በየነ አይዞሽ አላሉኝም። ቤቴ ገብተው ግድግዳውን በእጃቸው መቱ። አልጋውን ከመስኮቱ ሥር አስነሱኝ። ከዚያ ፈቲያን ጠርተው ከትምህርት ቤቷ ወደ ኳስ ሜዳው የሚወስደውን መንገድ መሬት ላይ በእንጨት ሳሉላት።

«ከተማው ሲሬን ሊሰቀልለት ነው» አሏት። «ስትሰሚ ወዴት ነው የምትሄጂው?»

«ወደ እማዬ።»

«አይደለም። ወደ ሜዳው። እናትሽ ወደ ሜዳው ትመጣለች።»

«ብትቀርስ?»

ጋሽ በየነ እኔን አዩኝ። «አትቀርም» አሉ። «እናትሽን አላወቅሻትም ማለት ነው።»

ሲሬኑ መጣ። አንድ ድርጅት ነው የሰጠው ተባለ። ኢንጂነሩ ከጣቢያው በር ፊት ለፊት ምሰሶ አስተከለ። ከፍ ያለው ቦታ እሱ ስለሆነና መብራቱም እዚያ ስለሚገኝ ነው። ከመሰቀሉ በፊት መሬት ላይ ተቀምጦ ሳለ ጋሽ በየነ እትዬ ሮማንን በእጃቸው ይዘው መጡ።

ስለ እትዬ ሮማን መናገር አለብኝ። እትዬ ሮማን ማስታወሳቸው ከተበላሸ ሦስት አራት ዓመት ሆኖታል። ባላቸውን አንዳንድ ቀን ያውቋቸዋል፣ አንዳንድ ቀን «አንቱ ሰውዬ» ይሏቸዋል። ጋሽ በየነ ለሁለቱም «አቤት» ይላሉ። የትም ጥለዋቸው አይሄዱም። ገበያም፣ ጸጉር ቤትም፣ ቀበሌም አብረው ናቸው።

ጋሽ በየነ ሲሬኑ ሥር ተንበረከኩ። መስኮቶቹን በእርሳሳቸው ጫፍ እየነኩ ቆጠሩ። አሥር። እግሩን አዩ። ሦስት። የስም ሰሌዳ የለውም፤ ግን ሰሌዳው የነበረበት የምስማር ቀዳዳ በቀለም ተደፍኗል። ቢጫውን ቀለም በጥፍራቸው ጫር አደረጉት። ሥሩ ግራጫ ነው።

«ይሄ ስንት ዓመት ሠርቷል?» አሉ።

«አዲስ ነው አባቴ» አለ ኢንጂነሩ። «ከነካርቶኑ ነው የመጣው።»

«ካርቶኑ አዲስ ነው።»

ሐሰን ሳቀ። ኢንጂነሩም ሳቀ፤ መጥፎ ሰው አልነበረም።

«ይሄ የኛው ነው» አሉ ጋሽ በየነ። «እሱ ራሱ ነው አላልኩም። የወርክሾፓችን ሲሬን ወንድም ነው። ሞዴሉ አንድ ነው። እኔ ነበርኩ የምጠግነው።»

«እንግዲያውስ ጥሩ አይደል?» አለ ሊቀመንበሩ። «ሕዝቡ ይለምደዋል።»

«ጉዱ እሱ ነው። ለምዶታል።»

ያኔ አልገባኝም። የገባኝ ሲጮህ ነው።

ሲሰቀል ኢንጂነሩ ለሙከራ ብሎ ማብሪያውን ነካው። አንድ ረጅም ድምፅ። ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ወፈረ፣ ሰማዩን ሞላው፣ አልቆረጥ አለ። ፈቲያ ጆሮዋን ያዘች። እኔ ወደ ሜዳው ነበር ያየሁት፣ ሰው ወደዚያ ሲሮጥ ለማየት። ከሜዳው በኩል ማንም የለም። ከባቡር ሠፈር በኩል ግን እናቶች መውጣት ጀመሩ። ነጠላቸውን እያጣፉ፣ አንዷ በአንድ እግሯ ብቻ ጫማ አድርጋ፣ አንዷ እጇ ሊጥ እንደሆነ። ሁሉም ወደ እኛ መጡ። የጣቢያው በር ላይ ተሰልፈው ቆሙ። እትዬ ሮማንም ከወንበሩ ተነስተው ሄደው ከእነሱ ጋር ቆሙ፤ የበሩን ብረት ያዙ።

በባቡሩ ዘመን እንዲህ ነበር። አጭሩ ጩኸት ሥራ መግቢያና መውጫ ነው። ረጅሙ ከጮኸ ባቡር ከሐዲድ ወጥቷል ማለት ነው። ረጅሙን የሰሙ የሠራተኛ ሚስቶች ሁሉ ወደ በሩ መጥተው ይቆማሉ፤ አለቃው ወረቀት ይዞ ወጥቶ የተጎዱትን ሰዎች ስም እስኪጠራ ድረስ አይነቃነቁም። ስም ሳይጠራ ወደ ቤት መመለስ ነውር ነው። ይህን ከመጡት እናቶች አንዷ፣ እትዬ ዘውዴ፣ በኋላ ነግረውኛል።

ያን ዕለት እትዬ ዘውዴ ዞር ብለው «የማን ስም ነው የሚጠራው?» ሲሉ ሰማሁ።

ሊቀመንበሩ አጨበጨበ። «እዩ! ሕዝቡ ነቅቷል! ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም!» ብሎ በስልኩ ፎቶ አነሳቸው።

«አቶ ሊቀመንበር» አሉ ጋሽ በየነ። «እነዚህ ሴቶች መጡ እኮ። የሚፈለገው እንዲሸሹ ነው።»

«ጋሽ በየነ፣ መምጣትም ንቃት ነው።»

«ይሄ የወርክሾፑ ግድግዳ ስንጥቅ ነው። መሬት ሲንቀጠቀጥ ሥሩ ሊሰለፉ ነው።»

«ሥልጠና ይሰጣል።»

«መቼ?»

«በዕቅድ ተይዟል።»

ወደ ኢንጂነሩ ዞሩ። «ልጄ፣ ቆራርጠው። ማብሪያውን ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ ብታደርገው ድምፁ ሌላ ይሆናል። እንደዚያ የሚጮህ ለእኛ ትርጉም የለውም፤ ሰዉ አዲስ ትርጉም ይሰጠዋል። ብቻ ረጅሙን ተወው።»

«አባቴ፣ መመሪያው አንድ ረጅም ነው የሚለው።»

«መመሪያውን የጻፈው ሰው አዋሽን ያውቃል?»

«አይመስለኝም» አለ ኢንጂነሩ። በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ።

ጋሽ በየነ ደብዳቤ ጻፉ። ባማረ እጅ ጽሑፍ፣ የሲሬኑን ሥዕል አያይዘው። የነበሩትን ዘረዘሩ፤ ከየስሙ ጎን ፊርማ እንዲኖር ፈለጉ። ሐሰን በአውራ ጣቱ አተመ። ወደ እኔ መጡ። የቁርስ ቤቴ ፈቃድ ገና አልታደሰም ነበር፤ የሚያድሰው ያው ቀበሌ ነው።

«ጋሼ፣ እኔ ምን አውቃለሁ?» አልኳቸው። «አራተኛ ክፍል ነኝ።»

«ያየሽውን ብቻ ነው።»

«ደኅና አላየሁም።»

ወረቀቱን አጠፉ። «ፉል አለ?» አሉኝ። አለ አልኳቸው። ስሜ ደብዳቤው ላይ ያለ ፊርማ ቀረ።

መልስ አልመጣም። እሳቸው ግን ቤት ለቤት መዞር ጀመሩ። ከእያንዳንዷ እናት ቤት ገብተው ስልካቸው ላይ የቀረፁትን ድምፅ ያሰማሉ። እትዬ ዘውዴ ጋ ሲሄዱ እኔ ምስር ልበደር እዚያ ነበርኩ።

«ዘውድዬ፣ ይሄን ስትሰሚ ወደ ሜዳ ነው የምትሄጂው። ወደ በሩ አይደለም።»

«በሩን ትቼ? ባሌስ ምን ይለኛል?»

«ባልሽ ከሞተ ሃያ ዓመቱ።»

«ቢሆንስ? እኔ ስሄድ አይታየውም ያለህ ማነው?»

«እንግዲያው ሜዳው ላይ ሆነሽም ይታየዋል። ሜዳው ገላጣ ነው።»

እትዬ ዘውዴ አሰቡበት። «እሱስ እውነትህን ነው» አሉ። እንዲህ እንዲህ እያሉ ሠፈሩን ጨረሱ። የቀሩት አንዲት ሴት ነበሩ።

እትዬ ሮማን በቃል የሚነገራቸው አይያዝላቸውም። ጋሽ በየነም በቃል አልሞከሩም። በየቀኑ ረፋዱ ላይ፣ አራት ሰዓት ሲሆን፣ ደጃፋቸው ላይ ይቆማሉ። ስልኩን ከፍ አድርገው ድምፁን ይለቁታል። እትዬ ሮማን ወደ ጣቢያው በር መራመድ ይጀምራሉ። ጋሽ በየነ ክንዳቸውን ያዝ ያደርጉና ወደ ግራ ያዞሯቸዋል፤ በእኔ ደጅ፣ በወፍጮ ቤቱ፣ እስከ ሜዳው። እዚያ ከግራሩ ጥላ ሥር አስቀምጠው ብርቱካን ልጠው ይሰጧቸዋል። ከዚያ ይመለሳሉ። ነገም እንዲሁ። ሰው ይስቅ ነበር። «ጋሽ ጡሩምባ ሚስቱን ወታደር ሊያስቀጥር ነው» ይላሉ።

እኔም አንድ ቀን «ጋሼ፣ አይደክሙም?» አልኳቸው።

«እግር ለብቻው ነው የሚያስታውሰው» አሉኝ። «ወርክሾፑ ከተዘጋ በኋላ እኔ ራሴ ጠዋት ተነስቼ በሩ ድረስ ስንት ወር ሄጃለሁ። ማንም አልጠራኝም። እግሬ ነው የወሰደኝ። የእሷንም እግር ነው የማስተምረው።»

ከወራት በኋላ አንድ ረፋድ ክንዳቸውን ሳይዟቸው እትዬ ሮማን ወደ ግራ ታጠፉ። በደጄ ሲያልፉ አየሁ። ጋሽ በየነ ከኋላ ከኋላ ይከተላሉ፤ እጃቸውን ዘርግተው፣ ሳይነኩ። ወደ እኔ ዞር ብለው ዝም በይ ብለው ምልክት ሰጡኝ። በማግስቱ ተሳሳቱ። ከዚያ ወዲያ አንዳንድ ቀን ይሆንላቸዋል፣ አንዳንድ ቀን አይሆንም። ጋሽ በየነ በደብተራቸው ላይ ምልክት ያደርጉ ነበር።

ያም ሆኖ ሐሳባቸው አላረፈም። ሰመራ ሄጄ ደብዳቤውን ከፍ ላለው ቢሮ በእጄ ልስጥ አሉ። ከአዋሽ ሰመራ በአውቶቡስ ሙሉ ቀን ነው፤ ሙቀቱ ለእትዬ ሮማን አይሆንም። ለመጀመሪያ ጊዜ ጥለዋቸው ሊሄዱ ነው። ወደ እኔ አመጧቸው።

«እስከ ከነገ ወዲያ ማታ» አሉኝ። «ወንበሩን በሩ አጠገብ አድርጊላት። ሰው ሲያልፍ ማየት ትወዳለች።»

«ሐሳብ አይግባዎት ጋሼ።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ በፊት ከነበረው የከፋ ነው። ብርጭቆዎቹ ከመደርደሪያው ወረዱ። ወጥተን ደጅ ቆምን። ሲሬኑ ጮኸ፤ ያው አንድ ረጅም። ፈቲያ ትምህርት ቤት ናት። ወደ ሜዳው እንደምትሄድ ተምራለች፤ አውቃለሁ። ግን እግሬ ወደ ትምህርት ቤቱ ነው የሮጠው። እትዬ ሮማንን ትከሻቸውን ይዤ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳቸውና «እትዬ፣ እዚህ ይጠብቁኝ፤ ፈቲያን ይዤ መጣሁ» አልኳቸው። «እሺ» አሉኝ።

ትምህርት ቤቱ ባዶ ነበር። ልጆቹን አስቀድመው አውጥተዋቸዋል። ፈቲያን ያገኘኋት ሜዳው ጫፍ ላይ ነው፤ ጋሽ በየነ ያሳዩዋት ቦታ ላይ ቆማለች። እጇን ይዤ ተመለስኩ። ወንበሩ ባዶ ነው።

ወደ ጣቢያው በር ሮጥኩ። የወርክሾፑ ግድግዳ በአንድ በኩል ወርዷል። ሐሰን ራቅ ብሎ ቆሟል። «እዚህ ሰው አልመጣም» አለኝ። «ከሲሬኑ መጀመሪያ እስከ አሁን ዓይኔን ከበሩ አላነሳሁም። ወላሂ አንድም ሰው አልመጣም።» ፍርስራሹን በኋላ ሰዎች አነሱት። ከሥሩ ማንም አልነበረም።

እንደገና ወደ ሜዳው ተመለስኩ። ሜዳው ላይ ሰው እንደ ጉንዳን ነው። አውቶቡሶችና አይሱዙዎች እየጫኑ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ሞልተው ሄደዋል። ወዴት እንደሄዱ ስጠይቅ አንዱ አዋሽ አርባ ይለኛል፣ አንዱ ወደ ላይ ወደ ደጋው፣ አንዱ ሚሌ። እትዬ ዘውዴ «ሮማንን አይቻታለሁ መሰለኝ፣ ከግራሩ ሥር ነበረች» አሉኝ። መሰለኝ ነው ያሉት። ከዚያ በላይ አላውቅም አሉ። እኛንም ጫኑን።

ስልክ የሠራው ወደ ማታ ነው። ለጋሽ በየነ ደወልኩላቸውና ነገርኳቸው።

«ፈቲያስ?» አሉ።

«አብራኝ ናት።»

«አልሐምዱሊላህ በይ።»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ሲሬኑ እንዴት ነው የጮኸው?»

«አንድ ረጅም።»

«ሐሰን በሩ ላይ አላያትም?»

«አላየም። ምሏል።»

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ጋሼ?» አልኩ።

«እንግዲህ ተምራለች» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ፍለጋ ነው። ጋሽ በየነ ከሰመራ ተመልሰው አዋሽ አርባ ያሉትን መጠለያዎች ድንኳን በድንኳን ዞሩ። አንዱ ላይ ስልካቸውን አውጥተው ድምፁን ለቀቁት፤ እትዬ ሮማን ካሉ ተነስተው ይሄዳሉ ብለው አስበው ነው። ሕዝቡ ግን ከሞት ገና ያመለጠ ነው። ሴቶች ጮኹ፣ ልጆች ከድንኳን ወጥተው ተበተኑ፣ አንድ ሰውዬ ስልኩን ከእጃቸው መትቶ ጣለው። እትዬ ሮማን አልነበሩም። ጋሽ በየነ የተበተኑትን ልጆች ሲሰበስቡ ዋሉ። ከዚያ በየድንኳኑ እየገቡ ይቅርታ ጠየቁ። ድምፁን ያን ዕለት ከስልካቸው አጠፉት።

የአዋሽ ቤታችን ስለተሰነጠቀ እኛ ሎጊያ ገባን፤ የባለቤቴ መንገድ ነው። ጋሽ በየነም ከእኛ ጋር ተቀመጡ። እንደገና ቁርስ ቤት ከፈትኩ። ሾፌሮቹ እንደ ድሮው ስልካቸውን ከፍተው «ጋሼ፣ ይቺን ይለዩ» ይሏቸዋል። «አላውቀውም» ይላሉ። ጣታቸው ግን ጭናቸው ላይ ሲቆጥር አያለሁ።

አንዲት አሮጊት ጭፍራ ገበያ ታይታለች ሲባል ጭፍራ ሄዱ። በሦስተኛው ቀን ተመለሱ። «ሌላ ሴት ናት» አሉ። «ደኅና ናት። ልጆች አሏት።» አዋሽ ያለው ሲሬን እየተቆራረጠ እንዲጮህ ተደርጓል ብዬ የሰማሁትን ስነግራቸው «ደግ» አሉ። ማን እንዳዘዘ አልጠየቁም።

አንድ ቀን ፉሉን ፊታቸው አስቀምጬ «ጋሼ፣ ያን ቀን እኔ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ፈቲያ የቤት ሥራዋን ሠርታለች?» አሉኝ።

«ሠርታለች።»

«ልጅ ያለበት ሰው መሮጡ ያለ ነው» አሉ። ዳቦውን ቆረሱ። ከዚያ በኋላ ደግሜ አላነሳሁትም፤ እሳቸውም አላነሱትም።

ሰመራ ሆስፒታል የተኙት ዘጠኝ ቀን ነው። በመጨረሻው ቀን የሸሚዛቸውን ቁልፍ ነርሷ ፈትታባቸው ነበር። ቆለፍኩላቸው።

አሁን የምለምነው እትዬ ሮማንን ያያችሁ ሰዎች እንድትነግሩኝ ነው። ዕድሜያቸው ሰባ ገደማ ነው። አጠር ያሉ፣ ጠይም፣ በቀኝ ቅንድባቸው ላይ አሮጌ ጠባሳ ያላቸው ናቸው። ያን ቀን የለበሱት ሰማያዊ አበባ ያለበት ቀሚስ ነው። ስማቸውን ሲጠየቁ ሮማን ላይሉ ይችላሉ፤ ልጅ ሆነው ድሬዳዋ የሚጠሩበት ስም ጥሩነሽ ነው። አማርኛም ኦሮምኛም ይናገራሉ። ከአዋሽ ሜዳ በመኪና ተጭነው የሄዱ ይመስለኛል፤ ወዴት እንደሆነ አላውቅም። ያስጠጋቸው ቤት ካለ አላህ ይስጠው። እወስዳቸዋለሁ ብዬ አይደለም፤ እዚያው ከተስማማቸው ይኑሩ። መኖራቸውን ብቻ ልወቅ። በሎጊያ ለሚያልፍ ለማንኛውም ሾፌር «ቁርስ ቤት ላላት ለመዲና ንገራት» ብትሉት ይደርሰኛል።

ባላቸው ማረፋቸውን ግን እንዳትነግሯቸው። መርዶውን እኔ መጥቼ እነግራቸዋለሁ።